መሬታቸውን ለምን ሸጡ?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2፣ ቁጥር 44 እና 45፣ በኢየሩሳሌም የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ንብረታቸውን በጋራ ይጠቀሙ እንደነበር፣ መሬትና ጥሪትም እየሸጡ ለችግረኛ ያካፍሉ እንደነበር ይተርካል። አንዳንዱ አንባቢ ይህን ይዞ የግል ንብረት ኃጢአት ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ያ ዘመን አለፈ ብሎ ገጹን ይገልጣል። ሁለቱም ምእመናኑ በአንድ ቀን ሁሉን ሸጠው ባዶ እጃቸውን የቀሩ ይመስላቸዋል። የመጽሐፉ ጸሐፊ ሉቃስ በግሪክኛ የተጠቀመበት ግሥ ግን የሚደጋገም ድርጊትን የሚያመለክት ነው፤ የአማርኛው ትርጉም «ሸጡ» ሳይል «እየሸጡ» ማለቱ ይህን በሚገባ ይዞታል። ችግር በመጣ ቁጥር ያለው ይሸጥ ነበር። ለዚህም ነው የማርቆስ እናት ማርያም በምዕራፍ 12 ምእመናን ለጸሎት የሚሰበሰቡበት ቤት ያላት። ጴጥሮስም በምዕራፍ 5 መሬት ሸጦ ከዋጋው ከፊሉን የደበቀውን ሐናንያን ሲገሥጽ መሬቱ የራሱ እንደነበረ፣ ከተሸጠ በኋላም ገንዘቡ በእጁ እንደነበረ ያስታውሰዋል፤ የወቀሰው ስለዋሸ ነው። የቆጵሮሱ በርናባስ እርሻውን መሸጡ በስም ተነጥሎ መነገሩስ ሽያጩ የሁሉም ግዴታ ቢሆን ምን ትርጉም ይኖረው ነበር?

እንግዲያው በፈቃድ ከሆነ፣ ከተራ ምጽዋት በምን ይለያል የሚል ይኖራል። ልዩነቱ በመለኪያው ነው። ምጽዋት የሚለካው ሰጪው ባወጣው ነው፤ ሉቃስ ግን በምዕራፍ 4 የሚመዘግበው በመካከላቸው ችግረኛ አለመኖሩን ነው። አነጋገሩም ዕዳ በየሰባት ዓመቱ እንዲሰረዝ የሚያዝዘውን የኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15ን ያስተጋባል። ምዕራፍ 6 ደግሞ ይህ መለኪያ ሲጓደል ምን እንደተደረገ ያሳያል። ከምእመናኑ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ፣ መበለቶቻችን በየዕለቱ እደላ ተረሱ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት፣ የፈቃድ ስጦታ ነውና የደረሳችሁን ተቀበሉ አላሏቸውም፤ ጉባኤውን ጠርተው ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የሰባቱም ስም ግሪክኛ ነው። እደላው ቅሬታ ካሰማው ወገን ለወጡ ሰዎች በአደራ የተሰጠ ይመስላል፤ ለእኔ የታሪኩ እጅግ ደፋር ክፍል ይህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ፣ ጥሪታቸውን ጨርሰው ደኸዩ፣ ጳውሎስም መዋጮ ሊሰበስብላቸው ተገደደ የሚለው ነው። ሆኖም ምዕራፍ 11 በሮሙ ቄሣር በቀላውዴዎስ ዘመን ረሃብ እንደነበረ ይናገራል። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስም በዚያው ዘመን ኢየሩሳሌም ስትራብ የአድያቤን ንግሥት ሄለና ከግብፅ እህል፣ ከቆጵሮስም የደረቀ በለስ እንዳስገዛች ጽፏል። ያን ጊዜ የአንጾኪያ ምእመናን እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጡ፤ የኢየሩሳሌም ልማድ ከተማ ተሻግሮ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ከመቶ ዓመት በኋላም፣ በ155 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በሮም ሆኖ ሲጽፍ የእሑዱ መዋጮ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውል እንደነበር ይገልጻል።

ዛሬ ይህን ቃል ልፈጽም የሚል ጉባኤ ከመሸጥ በፊት ማወቅ አለበት፤ ኪራይ የጎደለበት፣ መድኃኒት መግዛት ያቃተው ማን እንደሆነ። ዕድር አባሉ ሲሞት ለቤተሰቡ ይደርሳል፤ ክቡር ሥራ ነው። የኢየሩሳሌሞቹ መበለቶች ግን ይታደሉ የነበረው በሕይወት ሳሉ፣ በየዕለቱ ነበር። በየወሩ የሚገናኝ ማኅበርም ዝክሩ ተዘክሮ ከመበተኑ በፊት ከአባላቱ ማን እንደቀረ፣ የቀረውም ተራው ደርሶ የሚደግስበት አጥቶ አፍሮ እንደሆነ ሊጠይቅ ይችላል።