ከሥራ በኋላ የሚደረደር በገና
(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች የተወሰደ)



ሰው ቀኑን ሙሉ ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋር ሲታገል ውሎ ማታ ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ እጁ ሥራ ቢፈታም አሳቡ ሥራ አይፈታም። ያልተፈረመው ወረቀት፣ መልስ ያላገኘው ባለጉዳይ፣ የአለቃው ፊት መጥቆር፣ ይህ ሁሉ አብሮት ከማዕድ ይቀርባል። ይህንንም ሸክም ለማራገፍ አንዱ ካርታ ይጫወታል፤ ሁለተኛው የኳስ ግጥሚያ ይመለከታል፤ ሦስተኛውም ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ በማግስቱ ራሱን እያመመው ቢሮ ይገባል። እኔ ማንንም ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ለዛሬ የማቀርብላችሁ ግን በእጅ የሚሠራ፣ በጆሮ የሚሰማ፣ አሳብንም የሚሰበስብ ሌላ የማታ ሥራ ነው፤ ይኸውም በገና መደርደር ነው።

በገናን ከዕረፍት ጊዜ ሥራ ጋር አያይዤ በመናገሬ ቅር የሚላቸው ሰዎች እንደሚኖሩ ዐውቃለሁ። በገና የምስጋናና የጸሎት መሣሪያ ሆኖ ሳለ እንዴት ከጨዋታ ይቆጠራል? ይላሉ። መቆርቆራቸው የተገባ ነው። በገና ለእስክስታና ለሠርግ ጭፈራ አልተሠራም፤ የሚዜምበትም ቃል ስለ እግዚአብሔር ቸርነት፣ ስለ እመቤታችን፣ ስለ ሞትና ስለዚህ ዓለም ኃላፊነት የሚናገር ነው። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። በገና በቤተ ክርስቲያን የማሕሌት ሥርዓት ውስጥ የሚገባ መሣሪያ አይደለም። በማሕሌት የሚያገለግሉት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። የበገና ቦታው ከጥንት ጀምሮ ቤት ነው። ካህኑም፣ ባላባቱም፣ በዕድሜ የገፋውም ምእመን፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም፣ በየቤቱ ተቀምጦ ብቻውን ወይም ከጥቂት ቤተ ሰብ ጋር ይደረድረዋል። አፄ ቴዎድሮስና አፄ ምኒልክም ይደረድሩ እንደ ነበር ይነገራል። እነዚህ ሁለት ነገሥታት ከማናችንም የበለጠ የሥራ ጭንቀት ነበረባቸውና ነገሩን ብናምን አያስደንቅም። እንግዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ማታ በቤቱ በገና ቢይዝ የቆየውን ሥርዓት ይከተላል እንጂ አዲስ ነገር አያመጣም።

ነገሩን በአንድ ሰው ታሪክ ላስረዳ። አቶ ዓለሙ አጋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 በእንጦጦ ተወለዱ። እንጦጦ ማለት አፄ ምኒልክ ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ያለችበት፣ ጋራውም በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ እስከ የካ ድረስ የሚዘልቀው፣ ሁላችንም በየማለዳው ቀና ብለን የምናየው አገር ነው። ልጁ 12 ዓመት ሲሆነው አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ ስመ ጥር የበገና መምህር በጎረቤት መጥተው ተቀመጡ፤ ልጁ በሚማርበትም ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። የበገና ፍቅር በእንዲህ ያለ መንገድ፣ በጉርብትና ገባ። አቶ ዓለሙ በዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ጂኦግራፊን ነበር፤ በገናው ግን ከመጽሐፉ ጎን አልተለየም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1972 ጀምሮ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለሰባት ዓመት በገና አስተማሩ።

በዚህ መካከል በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። ደርግ ሃይማኖትን ከአደባባይ ሲያርቅ በገናም አብሮ ራቀ፤ ከሬዲዮም ድምፁ ጠፋ። ይህን የምናገረው እኔም የሬዲዮ ሰው ሆኜ ነውና ሳላፍር አላልፈውም። አንድን የአገር ድምፅ ለማጥፋት ብዙ ሠራዊት አያስፈልግም፤ ማሰራጫው ዝም ካለ አንድ ትውልድ ሳይሰማው ያድጋል። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በነበሩት ዓመታት ያደጉ ብዙ የከተማ ልጆች በገናን በሥዕል እንጂ በድምፅ አላወቁትም። የሆነው ሆኖ በገና አልሞተም። ያልሞተበትም ምክንያት መድረክ የማይፈልግ በመሆኑ ነው። መሰብሰቢያ አዳራሽና ብዙ ተመልካች የሚያስፈልገው መሣሪያ ቢሆን ኖሮ በአዋጅ ይዘጋ ነበር፤ በጓዳ በዝግታ የሚደረደረውን ማን ሄዶ ይዘጋዋል? ከዚያ ወዲህ የበገና የማታ ትምህርት ተከፍቶ ወጣቶችና የቢሮ ሠራተኞች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ እየተማሩ ናቸው። የአቶ ዓለሙም ድርደራ ኢትዮፒክስ በተባለው የፈረንሳይ የሙዚቃ ተከታታይ እትም 11ኛ ቁጥር ሆኖ በውጭ አገር ተደምጧል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። በገና ቁመቱ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ ባለ 10 አውታር መሣሪያ ነው። ከታች በበሬ ቆዳ የተሸፈነ የእንጨት ገበቴ አለ፤ ከገበቴውም ሁለት ምሰሶዎች ይነሣሉ፤ በምሰሶዎቹ ራስ ላይ ቀንበር ይጋደማል። አውታሮቹ ከገበቴው ተነሥተው ከበርኩማው ላይ ካለፉ በኋላ በቀንበሩ ላይ ባሉት መቃኛዎች ይጠመጠማሉ። አውታሩ በጥንቱ ሥራ ከበግ አንጀት የሚዘጋጅ ጅማት ነው፤ ዛሬ ናይለን የሚያስሩም አሉ። መምህራኑ 10ሩን አውታር በ10ሩ ትእዛዛት፣ ሌላውንም ክፍል እንዲሁ በምሥጢር ይተረጉሙታል። ሊቃውንቱ መሣሪያው ከእስራኤል ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር መጣ ሲሉ ያስተምራሉ። በ15ኛው መቶ ዘመን በተጻፉ የዳዊት መጻሕፍት ንጉሡ ዳዊት በገና ይዞ ተሥሎ ይገኛል። የዚህ ዓይነት ቀንበርና ምሰሶ ያለው መሣሪያ በዓለም ላይ እጅግ የቆየ ነው፤ በዛሬዋ ኢራቅ፣ በዑር ከተማ መቃብር፣ 4,500 ዓመት ያህል የሆናቸው ተቆፍረው ወጥተዋል። ያም አገር፣ ሌላውም ብዙ አገር፣ መሣሪያውን ከተወው ቆይቷል፤ እኛ ዘንድ ግን ዛሬም ይደረደራል።

ስለ ድምፁ ጥቂት ረዘም አድርጌ ብናገር አትቀየሙኝ፤ የበገና ጠቅላላ ምሥጢር በዚህ ነውና። በገናን መጀመሪያ የሚሰማ ሰው፣ ንብ ከቀፎ ውስጥ የምታሰማውን የመሰለ እዝዝታ ይሰማና አውታሩ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ ይርገበገባል፤ በተርገበገበም ቁጥር ከበርኩማው ሰፊ ገጽ ጋር ደጋግሞ ይነካካል፤ ከዚህም መነካካት እዝዝታው ይወለዳል። ለምን አስፈለገ? ቢሉ፣ የበገና አውታር የሚቃኘው እጅግ ዝቅ ባለ ወፍራም ድምፅ ነው። እንዲህ ያለው ድምፅ ለብቻው ቢሆን ከትንሽ ገበቴ ወጥቶ ለጆሮ በሚገባ አይደርስም። እዝዝታው ግን ቀጫጭን ድምፆችን ከወፍራሙ ላይ ይጨምርለታል፤ ስለዚህ ድምፁ ሳይጮህ ይሰማል፣ ከተመታም በኋላ ይቆያል። የህንድ ታምቡራ የተባለው መሣሪያ በአውታሩ ሥር ክር በማስገባት ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል። እንዝራዋ በፀጉር ስፋት ያህል ወደፊት ወይም ወደኋላ ብትል እዝዝታው ይጠፋል ወይም ይሻክራል። ስለሆነም ጀማሪ ተማሪ ከዜማው በፊት ብዙ ምሽት ከእንዝራ ጋር ይታገላል። አንዳንዱ በዚህ ተሰላችቶ ይተወዋል። እኔ ግን የበገና ዕረፍት የሚጀምረው ከዚሁ ነው እላለሁ፤ ዐሥር የቆዳ ቁራጭ ቦታ ቦታውን ለማስያዝ ጆሮውን የሰጠ ሰው፣ በዚያ ሰዓት ስለ መዝገብ ቤት ሊያስብ አይችልም።

አደራደሩ እንዲህ ነው። ደርዳሪው ተቀምጦ በገናውን ወደ ግራ ጎኑ አስጠግቶ ያቆማል። አውታሮቹን የሚነካው በግራ እጁ ጣቶች ነው፤ በቀኝ እጅ በተያዘ መምቻ አውታሩን በመግረፍ የሚደረድሩም አሉ። ከመምህር መምህር ልዩነት አለ፤ አንዳንዱ 10ሩንም አውታር ያናግራል፤ በአቶ ዓለሙ አጋ አሠራር ግን የሚናገሩት ስድስቱ ናቸው፤ የቀሩት አውታሮች ጣት ከመታ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። ዜማችን በአምስት ድምፅ የሚቃኝ ስለሆነ ስድስቱ ይበቃሉ። መጀመሪያ ቃል የሌለበት ድርደራ ይቀድማል፤ ይህ ለደርዳሪውም ለሰሚውም ልብ ማሰባሰቢያ ነው። ከዚያ በኋላ ቃሉ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ከአውታሩ ጋር አብሮ ይዜማል። ዜማው አጭር ነው፤ እየተመላለሰ ይመጣል፤ የሚለወጠው ቃሉ ነው። እንግዲህ የሚያምር ድምፅ የለኝም ብላችሁ የምትፈሩ ሁሉ ፍርሃታችሁን ተዉት። በበገና የሚፈለገው የድምፅ ማማር ሳይሆን እርጋታ ነው፤ ቃሉንም ማስተዋል ነው።

ዕድሜም አያግድም። ቀድሞውንም በገና የሽማግሌ መሣሪያ ይባል ነበርና የ40 ዓመት ሰው ለበገና ገና ወጣት ነው። አውታሮቹን ከ1 እስከ 10 ቆጥሮ የየጣቱን ተራ በወረቀት ላይ በቁጥር መጻፍ ጀማሪን በጣም ይረዳል፤ ይህም ሥራ ለጸሐፊዎችና ለሒሳብ ሠራተኞች እንግዳ አይሆንም። ነገር ግን ያለ መምህር በወረቀት ብቻ መማር አይሞከር። የእጅ አያያዝ መጀመሪያ ከተበላሸ ለማቃናት ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ እንዝራ አጣጣልንም ማንም ከጽሑፍ አልተማረም። በሳምንት ሁለት ምሽት ከመምህር ዘንድ፣ በየዕለቱ ደግሞ ሩብ ሰዓት በቤት፣ ይህ ከቅዳሜ የሙሉ ቀን ልፋት ይበልጣል።

በየካ አባዶና በሌሎችም የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ አንባብያን ስለ ጎረቤት ይጨነቁ ይሆናል። በገና ግን ለዚህ ለከተማ ኑሮ የተሠራ ይመስላል፤ በር ከተዘጋ ድምፁ ብዙ አይርቅም። ጎረቤት የሚቀየመው በበገና ሳይሆን ከላይ ፎቅ በሚወቀጠው ቡና ነው።

በሩቅ አገርም የዚህ ዓይነት ነገር አለ። በአሜሪካ በአፓላችያ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደልሲመር የሚባል፣ በጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ፣ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት አውታር መሣሪያ አላቸው። አንዱ አውታር ዜማውን ይዞ ሲሄድ ሌሎቹ አንድ ድምፅ ይዘው እንደ ንብ ያዜማሉ። ይህም መሣሪያ የአደባባይ ሳይሆን የቤትና የደጃፍ ነበር፤ ሊረሳም ቀርቦ ነበር። ጂን ሪቺ የተባሉ በኬንታኪ ተራሮች የተወለዱ ሴት በኒውዮርክ በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ላይ ሳሉ የአባታቸውን አገር መሣሪያ ለከተማ ሰው አስተዋወቁ፤ ዛሬ ብዙ ሰው ከሥራ መልስ ለራሱ ደስታ ይጫወተዋል። ነገሩ እኛን የሚመለከተው በዚህ በኩል ነው፤ አንድ የቤት መሣሪያ የሚድነው በሙዚቃ ቤት ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን እንጀራቸው ሌላ በሆነ ሰዎች እጅም ነው። በገናን ሁሉ ሰው መድረክ ላይ ሊወጣበት ከተማረው ብዙም አይቆይም፤ መድረኩ ጥቂት ነውና። አቶ ዓለሙም ጂኦግራፊ ያጠኑ ሰው መሆናቸውን አትርሱ።

ልባችሁ ወደ ዘፈን የሚያደላ እንደሆነ ግን ራሳችሁን አታስገድዱ፤ ክራር አለላችሁ። ክራር አነስተኛ ነው፤ አውታሩ አምስት ወይም ስድስት ነው፤ ትዝታውንም፣ ባቲውንም፣ አምባሰሉንም፣ አንቺሆዬንም ያስተናግዳል፤ እንዝራም የለውም፤ ከጓደኞች ጋር ለመጫወትም ይመቻል። በጥንት ጊዜ በገናን የእግዚአብሔር፣ ክራርን የሰይጣን መሣሪያ የሚሉ ነበሩ። ይህ ፍርድ ከብዶ ይታየኛል። በገና ላይ ዘፈን መዝፈን ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ሁለቱንም መሣሪያ ማጣት ነው፤ በገናው ክብሩን ያጣል፤ ዘፈኑም ሙቀቱን ያጣል።

በመጨረሻ ስለ አጠባበቁ። የእንጦጦ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ክረምት በገባ ጊዜ ጉሙ ወደ የካና ወደ ኮተቤ ይወርዳል፤ እርጥበቱም ወደየቤቱ ይገባል። የአንጀት ጅማት እርጥበት ሲያገኝ ቅኝቱን ይለቃል፤ የገበቴውም ቆዳ ይላላል፤ ትናንት ማታ ደኅና የነበረው እዝዝታ ዛሬ ይደነቁራል። ይህ የመሣሪያው ሕመም አይደለምና መሣሪያ ሠሪው ዘንድ ለመሮጥ አትቸኩሉ፤ ከመደርደራችሁ በፊት አውታሮቹን አንድ በአንድ እንደ አዲስ ቃኙ፤ እንዝራዎቹንም እንደገና አስተካክሉ። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ከምድጃ ወይም ከከሰል አጠገብ የሚያቆመው ሰው ግን ቆዳው ይሰነጠቅበታል። ነሐሴ እስኪያልፍ ድረስ በደረቅ ጨርቅ ሸፍኖ ከእርጥብ ግድግዳ ራቅ አድርጎ ማቆም ይበቃል።