«ልዩነት አጉሊ»፦ ስለ አንድ የሕክምና ቃል አሰያየም

በኤም. አር. አይ. ምርመራ ጊዜ በደም ሥር ለሚሰጠው «ኮንትራስት» በአማርኛ ፈጥነው የሚታሰቡት ቃላት ሦስት ናቸው፤ «ቀለም»፣ «አድማቂ»ና «አነጻጻሪ»። ሦስቱም እንደማያዋጡ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከስያሜ በፊት የነገሩን ጠባይ መረዳት ግድ ነው። ለምሳሌ ፌሩሞክሲቶልን እንውሰድ። ይህ መድኃኒት መጠናቸው ወደ 30 ናኖሜትር የሚጠጋ፣ በስኳር ዘር ልባስ የተሸፈኑ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶችን የያዘ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 የተፈቀደው ከብረት እጥረት ለሚመጣ የደም ማነስ ሲሆን፣ ሐኪሞች ለደም ሥር ምስልም ይጠቀሙበታል። የተለመዱት የጋዶሊኒየም መድኃኒቶች በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ሥር ወጥተው ወደ አካባቢው ሥጋ ይሠርጋሉ፤ የብረቱ ቅንጣት ግን በትልቅነቱ ምክንያት ለሰዓታት ከደም ጋር ይዘዋወራል። ስለዚህ ደም ቅዳውም ደም መልሱም አብረው ይታያሉ።

እንግዲህ «ቀለም» ማለት ያሳስታል። መሣሪያው የሚያነበው ቅንጣቱን ሳይሆን፣ በአጠገቡ ካለው ውሃ የሃይድሮጅን ኑክሊየሶች የሚመጣውን ምልክት ነው፤ ቅንጣቱ ይህን ምልክት ይለውጣል እንጂ ራሱ አይታይም። «አድማቂ»ም አይበቃም፤ ያው ቅንጣት እንደ አነሣሡ ዘዴ ምስሉን ሊያደምቀውም ሊያጠቁረውም ይችላልና። «አነጻጻሪ» ደግሞ ሁለት ነገሮችን የሚያስተያይ ሰውን ያስታውሳል። በሁሉም ሁኔታ የማይለወጠው የቅንጣቱ ሥራ፣ በደም ሥርና በአካባቢው መካከል ያለውን ልዩነት ማጉላት ነው። በበኩላችን «ልዩነት አጉሊ» የሚለውን የምናቀርበው ስለዚህ ነው። «ደም ቅዳ»ና «ደም መልስ»ም እንዲሁ ሥራቸውን የሚናገሩ ስሞች ናቸው።

«ናኖ»ን «ረቂቅ» በሚለው መተካት አያሻም። «ረቂቅ ተሕዋስያን» ስንል ባክቴሪያን እንጨምራለን፤ አንድ ባክቴሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1000 ናኖሜትር ይደርሳል። የመለኪያውን ስም ጠብቀን «ናኖ ቅንጣት» ብንል መጠኑ አይምታታም።

ጕዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ፌሩሞክሲቶል ለሞት የሚያደርስ የአለርጂ ሕመም ሊያስከትል እንደሚችል ማስጠንቀቂያውን አጥብቋል። ከዚህም በላይ መድኃኒቱ እስከ 3 ወር ድረስ የሚነሡ የኤም. አር. አይ. ምስሎችን ሊለውጥ ይችላል። በስምምነት ቅጽ ላይ «ቀለም ይሰጥዎታል» ተብሎ የተነገረው በሽተኛ ብረት መወሰዱን በምን ያውቃል? ለሚቀጥለው ሐኪሙስ ምን ብሎ ይነግራል? ተርጓሚው «የብረት ናኖ ቅንጣት ያለበት ልዩነት አጉሊ መድኃኒት» ብሎ ቢጽፍ ግን፣ ቃሉ ቢረዝምም በሽተኛው ሊጠይቅበትና ሊያስታውሰው የሚችለውን ነገር በእጁ ያስይዘዋል።