የቮልስ ሞተር አልነሣ ሲል

ከጀርመን አገር ተነሥቶ በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራው፥ የመጨረሻውም እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ከፑዌብላ ፋብሪካ የወጣው ቮልስዋገን ቢትል፥ እኛ በአጭሩ ቮልስ የምንለው፥ ዛሬም በአዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ሲመላለስ ስናየው ከዕድሜው ርዝመት ይልቅ ሊያስደንቀን የሚገባው የአሠራሩ ግልጽነት ነው። በዘመናዊው መኪና የእሳቱ ሥርዐት በታሸገ ሣጥን ተሰውሮ ምሥጢሩን ለኮምፒዩተር ብቻ ሲገልጥ፥ የቮልሱ ግን የኋላውን ኮፈን ከፍቶ ለሚመለከት ሁሉ በዓይን የሚታይ፥ በእጅም የሚዳሰስ ነው። ስለዚህ በማለዳ ቁልፉ ተጠምዝዞ ሞተሩ አልነሣ ባለ ጊዜ ባለቤቱ አስቀድሞ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ቢኖር፥ የደዌው መንሥኤ አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪክ ከባትሪ ተነሥቶ እስከ ካንዴላ ጫፍ በሚጓዝበት መንገድ ላይ ከተቀመጡት ጥቂት ዕቃዎች በአንዱ ላይ መገኘቱ ነው።

የዚህም መንገድ ጠባይ እንዲህ ነው። ባትሪው የሚሰጠው ኀይል፥ በቀድሞዎቹ ቮልሶች 6 ቮልት፥ እ.ኤ.አ. ከ1967 አምሳያ ወዲህ በወጡት በአብዛኞቹ ደግሞ 12 ቮልት ሲሆን፥ አየርና ቤንዚን ተዋሕደው በታመቁበት ሲሊንደር ውስጥ የካንዴላውን ክፍተት ዘሎ ብልጭታ ለመፍጠር ግን ብዙ ሺሕ ቮልት ያስፈልጋል። ይህን ትንሹን ቮልት ወደ ታላቅ ቮልት የሚለውጠው ቦቢና ነው። በውስጡ ካሉት ሁለት ጥቅል ሽቦዎች በመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የማግኔት ኀይል ይከማቻል፤ ፑንቲና የምንላቸው ሁለት ትንንሽ የብረት ከንፈሮች በተላቀቁ ቅጽበት ያ ማግኔት በድንገት ይፈርስና በሁለተኛው ጥቅል ውስጥ ከፍተኛውን ቮልት ይወልዳል። ኮንደንሰሩ ፑንቲናው ሲከፈት ኤሌክትሪኩ በከንፈሮቹ መካከል ዘሎ እንዳያቃጥላቸው ይከላከላል፤ ዲስትሪቢዩተሩም የተወለደውን ኀይል ተቀብሎ ለአራቱ ሲሊንደሮች በ1፥ 4፥ 3፥ 2 ተራ ያድላል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ሁሉ ነገር በአንዲት ሴኮንድ 100 ጊዜ ይፈጸማል፤ ይህንንም የሚያደርገው ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ፑንቲና መሆኑን ሳስብ የሠሪዎቹን ጥበብ ከልቤ አከብራለሁ።

እንግዲህ መርማሪው በመጀመሪያ የሚጠቀምበት መሣሪያ ጆሮው ነው። ቁልፉ ሲጠመዘዝ ሞተሩን ለማስነሣት የሚያዞረው ሞተሪኖ ጨርሶ ዝም ካለ ወይም አቃስቶ ከቆመ፥ ካንዴላና ፑንቲና መንካት ከንቱ ድካም ነው፤ ነገሩ ያለው በባትሪውና በገመዶቹ ዘንድ ነውና። የቮልስ ባትሪ የሚገኘው ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለ ሆነ ብዙ ባለቤቶች ለወራት አያዩትም፤ ባላዩትም መጠን ነጭና አረንጓዴ ዝገት በጫፎቹ ላይ ይከማቻል። በ6 ቮልቱ ላይ ይህ ነገር እጅግ የከፋ ነው፤ ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት ከ12 ቮልቱ እጥፍ የሆነ ጅረት ስለሚያሻው፥ ጥቂት ዝገት ብዙ ኀይል ይነጥቀዋልና። ከባትሪው ወደ መኪናው አካል፥ ከማርሽ ሣጥኑም ወደ አካሉ የሚያያዙት ጠፍጣፋ ገመዶች በብርጭቆ ወረቀት ተፈትገው ቢጠብቁ ሞተ የተባለ ባትሪ ተነሥቶ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። መቀመጫው ተነሥቶ ሳለ የባትሪው መክደኛ መኖሩ ይታይ፤ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው የብረት ሞላ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ቢነካ እሳት ሊነሣ ይችላልና።

ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሌላም ችግር አለ፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ያለ ችግር የሚነሣው መኪና ረጅም መንገድ ሄዶ ከቆመ በኋላ ቁልፉ ሲጠመዘዝ አንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ምክንያቱም ሞተሪኖውን የሚያዝዘው ኤሌክትሪክ ከኋላ ካለው ባትሪ ወደ ፊት እስከ ቁልፉ ሄዶ፥ እንደ ገና ወደ ኋላ እስከ ሞተሪኖው የሚመለስ በመሆኑ፥ በእርጅና በላላው ማያያዣና በዚህ ረጅም ቀጭን ሽቦ ላይ ኀይሉ ይደክማል፤ ሙቀቱም የሞተሪኖውን ጥቅል ሽቦ ተቃውሞ ይጨምራል። ለዚህ መድኀኒቱ በሞተሪኖው አጠገብ አንድ ሪሌ፥ ማለት በትንሽ ኀይል ታዝዞ ትልቁን ኀይል የሚያገናኝ ማብሪያ፥ ማስገባት ነው እንጂ ሞተሪኖውን መለወጥ አይደለም።

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልተቀበለ ግን ምርመራው ወደ እሳቱ ይሻገራል። ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ መካከል የሚገባውን ወፍራም ገመድ ነቅሎ፥ እጀታው በተሸፈነ ፒንሳ ይዞ፥ ከሞተሩ ብረት 6 ሚሊ ሜትር ያህል አርቆ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን እንዲያዞር ማድረግ ነው። ሰማያዊና የሚንጣጣ ብልጭታ ከታየ ቦቢናውና ፑንቲናው ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን፥ በካንዴላ ገመዶች፥ በካንዴላዎቹ ወይም በቤንዚኑ ዘንድ ይፈለጋል። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ ክዳኑ ይከፈትና ፑንቲናው ይመርመር።

በዚህ ላይ ዓይን ጥቂት መቆየት ይገባዋል። ጤነኛ ፑንቲና ግራጫና ለስላሳ ነው፤ የተቃጠለው ይጠቁራል ወይም ሰማያዊ ይሆናል፤ በአንዱ ከንፈር ላይ ጉድጓድ፥ በሌላው ላይ ጉብታ ከወጣ ደግሞ ኮንደንሰሩ ሊጠረጠር ይገባዋል። ብረቱ ባይጎዳም እንኳ ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚፋተገው ትንሽ ተረከዝ በየጊዜው ስለሚያልቅ ክፍተቱ ይጠባል፤ ብልጭታውም እየዘገየና እየደከመ ይሄዳል። ክፍተቱ ከ0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳይርቅ አድርጎ በካቻቢቴ ብሎኑን አላልቶ ማስተካከልና መልሶ ማጥበቅ ለተጠነቀቀ ሰው ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

በክረምት የሚታየው የማለዳ እምቢታ ብዙ ጊዜ ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ነው። ርጥበት በውስጡ ተቀምጦ ወይም በቀጭን ስንጥቅ ገብቶ ኀይሉን ወደ ብረቱ ይመራዋል፤ በደረቅ ጨርቅ ቢወለወል ይነሣል፤ ስንጥቁ ካለ ግን መለወጥ ግድ ነው። ካንዴላዎቹ በቤንዚን ከራሱ ወይም ከጠቆሩ ይጽዱ፤ የቤንዚኑ ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ስለ ሆነ እዚህ አላሰፋውም።

በአንዳንድ ጋራዦች ሞተሩ አልነሣ ባለ ቁጥር ቦቢናውን፥ ፑንቲናውን፥ ካንዴላውንና ገመዱን በአንድ ቀን ለውጦ መላክ የተለመደ ሆኗል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ባለቤቱ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ምን እንደ ነበረ ሳያውቅ ይቀራል፤ አዲስ የገባውም ዕቃ ከወጣው አሮጌ የባሰ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። አንድ በአንድ ይመርመር፤ አንድ በአንድም ይለወጥ።

የቮልስ ባለቤት የሆንህ አንባቢ ሆይ፥ አንድ ፑንቲና፥ አንድ ኮንደንሰርና አንድ ትንሽ የሙከራ አምፑል በመኪናህ ውስጥ ሁልጊዜ አኑር፤ ሞተሩም ቆሞ ሳለ ቁልፉን ክፍት አትተው፤ ፑንቲናው ተዘግቶ ቆሞ እንደ ሆነ ቦቢናው ግሎ ይቃጠላልና።