ጣቢያ ሄጄ ምን አመጣለሁ?

ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሌሊቱን አዲስ አበባ፣ ገርጂ አካባቢ ከአንድ ወጣት ቦርሳ ከተገኙት አሥራ አንድ ስልኮች አንዱ ነው፤ ሲሙ ገና አልወጣለትም። የተሰነጠቀው ስክሪን ላይ «እማዬ» የሚል ጽሑፍ ይበራል። አነሳሁት። እናትየው የወንድ ድምፅ ሲሰሙ «ልጄ ምን ሆነች?» ብለው ጮኹ። አረጋጋኋቸውና ልጅቷን በእሳቸው በኩል አገኘኋት። መልሷ ይህ ነበር፦ «ይተዉት፤ ሥራዬን ጥዬ አልመጣም። ሌላ እገዛለሁ። ጣቢያ መጥቼስ ምን አመጣለሁ?»

ከአሥራ አንዱ ባለንብረቶች ቀርቦ ቃል የሰጠው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ያዛል፤ እኔም ወጣቱን ይዤ ቀረብኩ። ዳኛዋ ስለ ቀሩት አሥር ስልኮች ሲጠይቁኝ «የእኔ ነው፣ ሳልፈቅድ ተወስዶብኛል» ያለ ሰው መጥቀስ አልቻልኩም። አሥራ አንድ ስልክ ይዞ መገኘት ያስጠረጥራል እንጂ ብቻውን አያስቀጣም። ወጣቱ በአንድ ስልክ ብቻ ተጠርጥሮ በዋስ ወጣ። ያን ሰሞን ሰፈሩ ውስጥ «ፖሊስ ይይዛል፣ ፍርድ ቤት ይለቃል» ሲባል ሰማሁ። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በፖሊስ ምርመራ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ብዙ ጊዜ የሰማሁት ዓረፍተ ነገር የልጅቷ ነው። ስልኩን የተነጠቀውም፣ ስፖኪዮው ተነቅሎ ያደረበትም፣ በረንዳው ላይ ያሰጣው ልብስ የጠፋበትም «ምን ያመጣል?» ይላል። ዝምታው ማንንም የማይጎዳ የግል ውሳኔ ይመስለዋል። ግን ይጎዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ጥግ የምታልፈውን ሴት ይጎዳል።

ሰዉ ሁሉ ዝም ይላል ማለቴ አይደለም። ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ሌላ ቦታ ነው። ሳሚት ያለ አንድ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ለውይይት ጠርተውኝ የብሎኩን የቴሌግራም ግሩፕ አሳይተውኛል። «ተጠንቀቁ፣ ትናንት ማታም ገብተዋል»፣ «የእኔንም መብራት ፈተውታል»፣ «ጥበቃው ተኝቶ ነው» የሚል መልእክት ተደርድሯል። ወደ ላይ እየገፋሁ ሳነብ በሁለት ወር ውስጥ ዘጠኝ መኪና መነካቱን ቆጠርኩ። ጣቢያ የደረሰው አንድ ነው። ዘጠኙም ቀኑንና ሰዓቱን ነግረውን ቢሆን ኖሮ በየትኛው ሌሊት፣ በየትኛው በር፣ በየትኛው ጥበቃ ተረኛነት እንደሚገቡ አንድ ወረቀት ላይ ይታይ ነበር። ግሩፑ ፍርሃትን ያዳርሳል። መዝገብ አይከፍትም፣ ምስክር አይጠራም፣ ፓትሮል አያዞርም።

ቤት የሚከራዩ ዘመዶቼም በየጊዜው ይደውሉልኛል። «ሲኤምሲ ይሻላል አያት? ጎሮስ ሰላም ነው?» ይሉኛል። የከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል አንድ ዓይነት አይደለም። መገናኛ አመሻሽ ላይ የታክሲ ሰልፉ ሲጋፋ ኪስ ይገባል። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሌሊት ከመዝናኛ ቤት የሚወጣ ሰው በዘራፊ ይጠበቃል። መንደር ውስጥ ደግሞ ውጭ ያደረ መኪና ይነካል። ይህን እነግራቸዋለሁ። በመዝገብ ብዛት ብቻ ሰፈር አወዳድር ሲሉኝ ግን እምቢ እላለሁ። መዝገቡ የሚያሳየው ስንት ሰው እንዳመለከተ ነው። ሰዉ የሚያመለክትበት ሰፈር በወረቀት ላይ ክፉ ይመስላል፤ ሰዉ የተወበት ሰፈር ሰላም ይመስላል። እንግሊዞች ይህን ስለተረዱ ከ1982 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የፖሊስን መዝገብ ከመቁጠር ሌላ ቤተሰቦችን በጥናት «ምን ደረሰባችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ «ተከራይ ይሸሽብኛል» ብሎ ጎረቤቱን ዝም የሚያሰኝ አከራይ ገጥሞኛል።

ዝምታው ሌላም መዘዝ አለው። በሰኔ 2011 መጨረሻ የከተማ አስተዳደሩ በሞተር ሳይክል የሚፈጸመውን ዝርፊያ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ በአዲስ አበባ የሞተር እንቅስቃሴን አገደ። ነጠቃው እውነት ነበር። ከነጣቂው ጋር ግን ዕቃ አድርሶ ልጆቹን የሚያበላው ሞተረኛም አብሮ ቆመ። የትኛው ጥግ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ሞተር የሚለው በዝርዝር ሲታወቅ እርምጃውን በዚያው ልክ ማጥበብ ይቻላል። ዝርዝር ሲጠፋ ዱላው ንጹሑም ላይ ያርፋል።

የእኛን ጥፋት አልሸፍንም። ሰው ለሁለት ሰዓት ተቀምጦ «ነገ ና» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ። በ2013 ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ክፍለ ከተማ ከሆነ ወዲህ ደግሞ «ይህ የእኛ አይደለም» የሚለው መልስ በዝቷል። የስልክ ስርቆትን እንደ ተራ ነገር የሚያይ ባልደረባም አለ። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 14 የአመልካቹ ቃል እንዲጻፍ፣ እንዲነበብለትና እንዲፈርም ያዛል። አንቀጽ 22 ደግሞ መርማሪው አቤቱታውን ቢጠራጠረው እንኳ ምርመራውን እንዲያካሂድ ያስገድደዋል። ስለዚህ ቃሌን ጻፉልኝ ማለት ልመና አይደለም፤ መብት ነው። ሳይፈርሙ የወጡ ሰው አመለከቱ አይባልም።

ስልክዎ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም፤ አብዛኛው አይመለስም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ዛሬ ማታ *#06# ብለው ይደውሉና የሚወጣውን አሥራ አምስት አኃዝ ደብተር ላይ ይጻፉ። ካርቶኑን አይጣሉ። አንድ ነገር ከደረሰብዎ ለግሩፑ የጻፉትን ያንኑ፣ ከነሰዓቱና ከነቦታው፣ ጣቢያ መጥተው ይድገሙት። እኔ ዳኛ ፊት ስቆም «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የምሰጠው መልስ እርስዎ የፈረሙበት ወረቀት ብቻ ነው።