ወደ ኔቫዳ ካሲኖ ለሚያመራ እንግዳ

ኔቫዳ ለካሲኖ ቁማር በሯን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ተመትታ፣ በረሃማዋ ግዛት ገቢ ስትፈልግ ሕጉ ጸደቀ። ዛሬም የግዛቲቱ ነዋሪ ለኔቫዳ መንግሥት የደመወዝ ግብር አይከፍልም፤ ካሲኖዎች የሚከፍሉት ግብር ከመንግሥት ዋና ገቢዎች አንዱ ነው።

የብዙ እንግዳ መድረሻ ላስ ቬጋስ ናት። ስትሪፕ የሚባለው ጎዳና ትልልቆቹን ሆቴሎች ይዟል፤ የጥንቱን መልክ ማየት የሚሻ ደግሞ ወደ ፍሪሞንት ጎዳና ይሂድ፤ እ.ኤ.አ. በ1906 የተከፈተው ጎልደን ጌት ሆቴል እዚያ ነው። በሰሜን ሬኖ፣ በኮሎራዶ ወንዝ ዳር ላፍሊን አሉ። የትም ይሂዱ የት፣ ለመጫወት 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው፤ መታወቂያ አይለይዎ።

ከመጫወትዎ በፊት ኳስ በቁጥሮች መንኮራኩር ላይ የምትሽከረከርበት ሩሌት ጠረጴዛ አጠገብ ቆም ብለው ይመልከቱ። በተለመደው የአሜሪካ ሩሌት ከ1 እስከ 36 ያሉት ቁጥሮች ላይ ዜሮና ድርብ ዜሮ ይታከሉና 38 ይሆናሉ። በአንድ ቁጥር ላይ 1 ዶላር አስይዞ የወጣለት ሰው ዶላሩ ይመለስለትና 35 ዶላር ይጨመርለታል። እንግዲህ በ38ቱም ላይ አንዳንድ ዶላር ቢደረድሩ፣ ኳሷ የትም ትረፍ የት፣ 38 አውጥተው የሚሰበስቡት 36 ነው። ሁለቱ ዶላር የቤቱ፣ ማለትም የካሲኖው ነው። ማጭበርበር የለበትም፤ ጨዋታው ሲሠራ ሂሳቡ አብሮ ተሠርቷል። ባለ አንድ ዜሮ ጠረጴዛ ካገኙ የቤቱ ድርሻ ከ5.26 ወደ 2.7 በመቶ ይወርዳል። ሦስት ዜሮ ያለበትን ግን ይለፉት።

ብላክጃክ የሚወድ ሰው ጠረጴዛው ላይ የተጻፈውን ያንብብ። «3 ለ 2» የሚለው ብላክጃክ (በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርዶች 21) ለወጣለት በ10 ዶላር 15 ይከፍላል፤ «6 ለ 5» የሚለው 12 ብቻ። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ይቀመጣል። ስሎት ማሽን ላይ ደግሞ «ብዙ በልቷል፣ አሁን ይከፍላል» የሚሉትን አይስሙ። ያለፈው ዙር ለሚቀጥለው ምንም አይነግረውም።

ለሚጫወት ሰው መጠጥ በነጻ ይቀርባል፤ ለአስተናጋጇ ጉርሻ መስጠት የአገሩ ወግ ነው። ነገር ግን መጠጡ እጅን ያላላል፣ ሰዓትም ያስረሳል።

ላስ ቬጋስ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት፣ በታክሲ፣ በሆቴልና በካሲኖ ሠርተው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩባት ከተማ ናት። እነሱ ዘንድ እንግድነት ከሄዱ ከተማዋን ተዟዙረው ይዩ፤ የቤላጂዮ ሆቴልን የውሃ ትርኢት ለማየት ሳንቲም አይጠየቅም። መጫወት ካማረዎ ቢጠፋ የማይቆጭዎትን ብር ለይተው ይያዙና ካርድዎን ሆቴል ክፍልዎ ይተዉት። የቤት ኪራይና አገር ቤት የሚላከውን ገንዘብ ይዘው ግን እባክዎ አይግቡ።