ሸክላና ካሴት በላስታ ገበያ

የላሊበላ ከተማ ገበያ የሚውለው ቅዳሜ ነው። ከደጋው ገብስና ባቄላ፥ ከቆላው ጤፍና ማሽላ፥ በግና ፍየል፥ ማርና በርበሬ ይዞ የሚመጣው ገበያተኛ ያመጣውን ከሸጠ በኋላ ወዲያውኑ ወደ ቤቱ አይመለስም። ከወዳጁ ጋር ይገናኛል፥ ዜና ይለዋወጣል፤ ወጣቶቹም ከዜናው ቀጥለው የሚጠያየቁት «ሰሞኑን ምን እየሰማህ ነው?» በማለት ነው። አንዱ የወደደውን ለሌላው ያሰማል፤ ሌላውም በበኩሉ ያለውን ይሰጣል።

ይህ ልማድ ከጨዋታ የማያልፍ ቢመስልም፥ በነጋዴ ዓይን ለተመለከተው ሰው ብዙ ትምህርት የሚገኝበት ነው። ማንኛውም ዕቃ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ይልቅ ወዳጅ ለወዳጁ በሚሰጠው ምስክርነት ገበያ ያገኛል። ነገር ግን ሙዚቃ ከሌላው ሸቀጥ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ማሩን ያካፈለ ሰው ማሩ ይጎድልበታል፤ ዜማውን ያካፈለ ሰው ግን ዜማው እንዳለ ይቀርለታል። የሙዚቃ ንግድ ትርፉም ኪሳራውም የሚመነጨው ከዚሁ ጠባይ ነው።

ላስታ ለዜማ እንግዳ አገር አይደለም። በየዓመቱ በልደት በዓል በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኵሉ»ን ሲያዜሙ ለመስማት ከየአውራጃው የሚጎርፈው ምእመን ብዛት የታወቀ ነው። በዓለማዊውም ዘፈን በኩል ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ምድር ሲሆን፥ አንቺ ሆዬን ከላስታ ጋር የሚያያይዙትም ብዙዎች ናቸው። እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉት የወሎ ድምፃውያን እነዚህን ቅኝቶች በሸክላና በካሴት ዘመን ለመላው አገር አሰምተዋል። ስለሆነም የላስታ ሰው የሙዚቃ ገዢ ብቻ አይደለም፤ በሌላ ቦታ ታትሞ ተመልሶ ለሚሸጥለት ዜማ ምንጩ እርሱ ራሱ የሆነበት ጊዜ አለ።

ሸክላ ሸቀጥ የሆነበት ዘመን

ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ሁሉ ቀዳሚ ሆነው የሚጠሩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በሃያኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ወደ ጀርመን አገር ተልከው በነበረበት ጊዜ ዘፈናቸው በዚያው ተቀርጾላቸዋል። ነጋድራስ የሚለው ማዕርግ የነጋዴዎች አለቃ ማለት እንደ መሆኑ መጠን፥ የሙዚቃና የንግድ ታሪክ በአገራችን ከጥንቱ የተጎራበቱ መሆናቸውን የነጋድራስ ተሰማ ስም ራሱ ያስታውሳል።

በ1940 ዓ.ም. ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ውሳኔ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህ ሁኔታ ሃያ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፥ ሙዚቃ ቤት ከፍተው የውጭ አገር ሸክላ ይሸጡ የነበሩት አቶ አምሃ እሸቴ ገና ወጣት ሳሉ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሬኮርድስን አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሸክላቸውም የአለማየሁ እሸቴ ነበረ። ድምፁ አዲስ አበባ ይቀረጽና ሸክላው በመጀመሪያ በሕንድ፥ በኋላም በሊባኖስ ይታተም ነበር። በዚህም ምክንያት ኢትዮጵያዊው ዘፈን ለኢትዮጵያዊው ገዢ የሚደርሰው እንደ ጨርቃ ጨርቅና እንደ መኪና መለዋወጫ በጉምሩክ በኩል አልፎ ነበር። ድርጅቱ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። ዓሊ አብደላ ካይፋም በንግድ ስማቸው ካይፋ ሬኮርድስ ተብለው ከዚሁ ሥራ ገብተዋል።

ካሴት ወደ ደጋው ሲወጣ

ሸክላ የከተማ ዕቃ ነበረ። ማጫወቻው ውድ፥ ሸክላውም በቀላሉ የሚጫር በመሆኑ በበቅሎ ተጭኖ የላስታን ዳገት ለመውጣት የሚመች አልነበረም። ሙዚቃን በእርግጥ ወደ ደጋው ያወጣው ካሴት ነው። ካሴት በኪስ ይያዛል፤ ቴፑም በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ የኤሌክትሪክ መብራት ባልገባበት መንደር ሁሉ ሊሰማ ቻለ። ባለ ሱቁም ከካሴቱ ይልቅ በድንጋዩ ሽያጭ የሚጠቀምበት ጊዜ ነበረ፤ ካሴት አንድ ጊዜ ይገዛል፥ ድንጋይ ግን ያልቃል። ድንጋዩን ለመቆጠብ ሲባል የካሴቱን ክር በቢክ እስክሪብቶ እያዞሩ መመለስ ያን ዘመን ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው።

የማካፈሉም ልማድ የሰፋው በዚሁ በካሴት ነው። አንድ ካሴት ከሠርግ ቤት ወደ ጠጅ ቤት፥ ከጠጅ ቤትም ወደ ጎረቤት መንደር ሲዘዋወር ይከርማል። ገዢው አንድ፥ ሰሚው መቶ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተጎዳም፤ ከመቶው ሰሚ መካከል ጥቂቱ የራሱን ለመግዛት ወደ ሱቅ ይመጣ ነበርና። ጉዳቱ የተጀመረው ባለ ሁለት ማጫወቻ ቴፕ ሲመጣ ነው። ባዶ ካሴት ገዝቶ አንዱን ወደ አሥር ማባዛት ለማንኛውም ባለ ሱቅ የሚቻል ሆነ። ድምፃዊው ከአሳታሚው አንድ ጊዜ የተስማማበትን ከመቀበል በስተቀር ከተባዛው ካሴት የሚደርሰው ነገር አልነበረም፤ አሳታሚውም የሚቀጥለውን ሥራ ለማሳተም ያሰበውን ገንዘብ በየሱቁ ሲበተን አየ።

ዛሬ ደግሞ ካሴቱም ቀርቷል። ወጣቱ ስልኩን ይዞ ወደ ሱቅ ይሄድና ዘፈን ያስጭናል፤ ኢንተርኔት ያለውም በቀጥታ ከዚያው ያዳምጣል። ዘፈን የሚጭነው ባለ ሱቅ የሚያስከፍለው የድካሙን ዋጋ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ለዘፋኙ የሚሄድ ሳንቲም የለም። የላስታው መሰንቆ መቺም በጠጅ ቤት ሲጫወት በስልክ ተቀርጾ ዜማው ወልድያና ደሴ ከርሱ ቀድሞ ይደርሳል፤ እርሱ ግን የሚያገኘው በግንባሩ የተለጠፈለትን ብር ብቻ ነው።

ከወዳጅ ለወዳጅ የተላለፈ አንድ ሸክላ

ማካፈል ሁልጊዜ ንግድን ይጎዳል ማለት ግን ስሕተት ነው። ለዚህም ከማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» የበለጠ ምስክር አይገኝም። ካይፋ ሬኮርድስ በ1960ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ይህ ሥራ ለአገር ውስጥ ገበያ የታሰበ ነበር። በ1976 ዓ.ም. አንድ ፈረንሳዊ ከአዲስ አበባ ሲመለስ የማሕሙድን ሸክላ ለወዳጁ ለፍራንሲስ ፋልሴቶ ወሰደለት። ፋልሴቶም ለሚያውቃቸው የሙዚቃ ጋዜጠኞችና ወዳጆች እየቀዳ አከፋፈለ። እንዲህ ያለ ዜማ ከዚያ በፊት ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁሉም ተጨማሪ ጠየቁ። ሰውየው ራሱ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ በ1978 ዓ.ም. ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጂግ ድርጅት «እሬ መላ መላ»ን በአውሮፓ አሳተመ።

ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮም ቡዳ ሙዚቅ የተባለው የፓሪስ አሳታሚ በፋልሴቶ አዘጋጅነት «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የቀድሞዎቹን ሸክላዎች በተከታታይ አወጣ፤ ቅጾቹም ዛሬ ከ30 አያንሱም። በ1997 ዓ.ም. የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ በመሰማቱ የገዢው ቁጥር ይበልጥ ጨመረ።

ነጋዴው ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ሊያስተውል ይገባዋል። አንደኛው፥ በነጻ የተሰጠው ቅጂ ገዢ ያፈራው ከቅጂው በስተጀርባ የሚታወቅ አሳታሚና በስሙ የተመዘገበ ሥራ ስለነበረ ነው። ጥቂት ቅጂዎችን የሰማው ሰው የት ሄዶ እንደሚጠይቅ አወቀ። ሁለተኛው፥ ዋናውን ድምፅና የስምምነቱን ወረቀት አስቀምጦ የቆየ አሳታሚ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላም የሚሸጠው ነገር ይኖረዋል።

ሕግና የሱቅ ሥራ

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህንኑ ልዩነት በግልጽ አስቀምጦታል። አንድ ሰው ለግል መጠቀሚያው ብቻ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ ሕጉ አይከለክለውም፤ ያለ ባለ መብቱ ፈቃድ አባዝቶ ለገበያ ማቅረብ ግን የተከለከለ ነው። ከዋኙና የድምፅ ሪኮርዲንግ አሳታሚው ለ50 ዓመት የሚቆይ መብት ተሰጥቷቸዋል። አዋጅ ቁጥር 872/2007ም በማሻሻያነት ወጥቶ ባለ መብቶች በማኅበር ሆነው የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፍቷል።

ሕጉ በወረቀት ላይ እንዳይቀር የሚያደርገው ግን የባለ ሱቁ ጠባይ ነው። የላሊበላ ነጋዴ ከሌላው አውራጃ ነጋዴ የበለጠ ዕድል አለው፤ አብያተ ክርስቲያናቱ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡበት ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን የውጭ አገር ጎብኚና በየበዓሉ የሚመጣውን ምእመን እርሱ በደጁ ያገኛል። ጎብኚው ከአብያተ ክርስቲያናቱ ሲወጣ የሰማውን የመሰንቆ ዜማ ይዞ ለመሄድ ቢጠይቅ፥ የሚቀርብለት ማን እንደ ተጫወተው የማይታወቅ የስልክ ቅጂ ሊሆን አይገባም። ከአካባቢው መሰንቆ መቺ ጋር በጽሑፍ ተዋውሎ፥ ድምፁን በደኅና አስቀርጾ፥ ስሙንና የቅኝቱን ዓይነት በመያዣው ላይ ጽፎ፥ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻውን እየከፈለ የሚያቀርብ ነጋዴ ለመጀመር የሚያስፈልገው ገንዘብ አንድ ጋሪ ስኳር ለማስመጣት ከሚያወጣው የሚበልጥ አይሆንም።

ቅዳሜ ገበያ የሚወጣው ወጣት ወዳጁን ሰሞኑን የሚሰማውን መጠየቁን አይተውም፤ ይተው ዘንድም አይገባም። ባለ ሱቁ ይህን ጥያቄ ጠግቶ ቢያዳምጥ በሚቀጥለው ሳምንት ምን ማቅረብ እንዳለበት ያለ ምንም ወጪ ይረዳል። የተጠየቀው ዘፈን ባለቤት ማን እንደሆነ ጠይቆ ማወቅና የእርሱን ድርሻ በመዝገቡ ላይ በተለየ ዓምድ መጻፍ ግን የራሱ የባለ ሱቁ ሥራ ነው።