ቬንቶላው ያልዞረ እንደ ሆነ

በከተማ መንገድ እየቆመ የሚጓዝ መኪና የሙቀቱ መለኪያ ከፍ ቢል፤ በሰፊው ጎዳና ሲሮጥ ግን ቢወርድ፤ የራዲያተሩም ውሃ ካልጎደለ፤ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ቬንቶላው ነው። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራዲያተሩን ያበርደዋል፤ ሲቆም ግን ሥራው የቬንቶላው ብቻ ይሆናል።

ብዙ ባለንብረቶች ቬንቶላው አልዞረም በተባሉ ጊዜ አዲስ ለመግዛት ይቸኩላሉ፤ ነገር ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከቬንቶላው ውጭ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ምርመራው በተራ ይደረግ። በመጀመሪያ ፊውዙ ይታያል። ደኅና ከሆነ፤ በሁለት ሽቦ የሚሠራው ቬንቶላ ከሶኬቱ ተነቅሎ፤ ፊውዝ በገባበት ሽቦ ከ12 ቮልቱ ባትሪ በቀጥታ ኃይል ይሰጠዋል። ያን ጊዜ ካልዞረ የተበላሸው ራሱ ነው፤ ከዞረ ግን ጥፋቱ በሪሌው፣ ሙቀቱን በሚያስታውቀው ሴንሰር ወይም በሽቦው፣ ይልቁንም ማሳ በተባለው ከመኪናው አካል በሚታሰረው ሽቦ ይፈለጋል።

ፊውዙ ተቃጥሎ ቢገኝ፤ በበለጠ አምፔር መተካት ሽቦውን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው።

ይህን ጥቂት ምርመራ ንቆ በጋለ ሞተር የሚነዳ ነጋዴ ቴስታታው ሊጣመምበት ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚከፍለው የፊውዝ ሳይሆን የሞተር ማደሻ ዋጋ ነው፤ ዕቃውም ከገበያው ቀን ይዘገያል።